መጀመሪያ መንገዱን እይ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። መዝገቡ ግን «ሦስት» ይላል፤
በኔና በሱ መሀል ሁሌ ስድስት ሰዓት ይጎድላል።
ምድር ቤት ነኝ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣
የማቀዝቀዣው ጩኸት ጆሮዬ ላይ እንደ ንብ መንጋ ሲገባ፣
ሹራቤን እስካገጬ ስቤ፣
ባንድ ዓይኔ ተኝቼ፣ ባንድ ዓይኔ አንብቤ፣
አየሁት ቀዩን መስመር፦

ቀበና ቆመ።
ግንፍሌ ቆመ።
ባንትይቀጡ ቆመ።

ስማቸውን ያወጣው ጋሽ ይፍሩ ነው፣ ከኔ በፊት የነበረ፣
የከተማውን ወንዞች ለምናባዊ ማሽን እየቸረ።
«ወንዝ አይቆምም» ይል ነበር አሉ፣ በሳቅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፤
ይኸው ሦስቱም ቆሙ፤ ግንፍሌ እንኳ መገንፈሉን ረስቶ ተቀመጠ።

«አልሞቱም»፤ ይህን ነው ላለቃዬ ማስረዳት የሚያቅተኝ፣
«ጠፉ ወይስ አሉ?» እያለ በስልክ ሲያፋጥጠኝ።
አሉ። በነበሩበት ሰከንድ ላይ ቀርተዋል፣
ያንዱ ደንበኛ ሒሳብ «ተቀበ—» ብሎ ቃሉን አንጠልጥሏል።
ትዝታቸው ሙሉ ነው፤ ሐሳባቸው አልተነካ፤
የሚጽፉበት ብራና ነው እጃቸው አልደርስ ያለው ለካ።

ማከማቻው ማዶ ነው፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ካስፋልት ሥር የሚሮጥ ብርሃን ያገናኘናል፣ ከፀጉር የሚረቅ።
እሱ ሲቋረጥ ማሽኑ ዝም ብሎ ቢቀጥል፣ ያልተጻፈውን ተጽፏል ቢል፣
የስንቱ ደመወዝ ባየር ላይ ሊቀር!
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፦ ውሸት ሳይጽፍ ቆመ፤
ስንት ሰው አውቃለሁ፣ እጁ ሳይደርስ አፉ የቀደመ።

ቦታው ሞልቶ እንደሁ አየሁ፤ ግማሹ ባዶ።
ዲስኩ ታሞ እንደሁ አየሁ፤ ጤነኛ።
ስዊቹን አየሁ፤ አረንጓዴ መብራቱ እንደ ጅል ይጠቅሰኛል።
ፒንግ ብዬ ጠራሁት። «አቤት» አለ። ደገምኩ፤ «አቤት»። ሦስተኛውን ዋጠው።
አራተኛው «አቤት»። ከዚያ አምስቱን በተከታታይ ዋጠ።
«ቀጥል» ብዬ ሳዝዘው ቀበና አንድ ደቂቃ ፈሰሰ፤
ቆመ። ደግሜ አዘዝኩት፤ ፈሶ ወደ መቆሙ ተመለሰ።

በመደርደሪያው ጎን የጋሽ ይፍሩ ወረቀት አለች፣
የሻይ ብርጭቆ ክብ ያተማት፣ ቀለሟ የገረጣች፦
«ሲቆሙ አትደንግጥ። አታጥፋ፣ አታብራ።
መጀመሪያ መንገዱን እይ።»

ለወንድ ነው የጻፈው፤ እኔ እንደምመጣ አልጠረጠረ።
መንገዱን አይደል እንዴ ዓይኔ ሲመረምር ያደረ?
ወደብ በወደብ፣ ቁጥር በቁጥር…
ኋላ ነው የሰማሁት፣ ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ፣ ያን ድርርርር።

መንገዱን!
የእግሩን፣ ያስፋልቱን።
ወርቁን ስቆፍር አድሬ
ሰሙን ረግጬ አልፌ ኖሯል።

ወጣሁ። ቸርችል ጎዳና አፈሩ ተገልብጦ፣
የድንጋዩ አንበሳ ከነግርማው አቧራ ውጦ፣
አንድ መቆፈሪያ የመንገዱን ሆድ ይደበድባል፤
በያንዳንዱ ምት መሬቱ ብድግ፣ ብርሃኔ ሸብረክ ይላል።
ሾፌሩ ገመዳ ይባላል፣ ገና ጢሙ ያልወጣ፤
«አሥር ደቂቃ!» አልኩት በጣቶቼ፣ ድምፄ ከጩኸቱ አልወጣ።
አየኝ፦ ነጠላ ጫማ፣ ሹራብ፣ አንገቴ ላይ መታወቂያ።
«ምን ሆነሻል?»
«ወንዞቼ ቆሙ።» ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ሳቀ። ቁልፉን አዞረ።

የሱ ቆመ።

ከስታዲየም በኩል ያንዲት ላዳ ሳል ተሰማ።
ስልኬ ላይ ቀበና ተነሣ፤ ግንፍሌ፤ ባንትይቀጡ እየተንቀራፈፈ።
«ተቀበ—» ያለው ሒሳብ «—ለ» ብሎ ቃሉን ጨረሰ፣
ሁለት ሰዓት ማለፉን ሳያውቅ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይቀንስ።
የቆመ መቆሙን አያውቅም፤
ሌሊቱን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ገመዳ በኖራ መስመር አሰመረልኝ፦ «ከዚህ ወዲህ አልነካም፤
ከዚያ ወዲያ ግን አለቃዬ አይሰማም።»
ወርጄ እስክሪብቶ አነሣሁ። ከ«ይ» እግር ሥር
አንዲት ጭረት ጨመርኩ፦

መጀመሪያ መንገዱን እዪ።